ግድግዳው ስንት ይጠጣል?

ቀለም ቀቢው የመጡት አዲስ ዓመት ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ካፊያ በሚጥልበት አንድ የነሐሴ ጠዋት ነው። ጫማቸውን በር ላይ አራገፉ። ሳሎኑ መሃል ቆመው አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩ፣ መኝታ ቤቱን አንገታቸውን ብቻ አስገብተው ተመለከቱ፣ ወጥ ቤቱን ግን ደጁንም አልረገጡም። ከዚያ «ሦስት ባልዲ» አሉ።

እኔ ደግሞ ማታ ቁጭ ብዬ ያሰላሁት፣ «አንድ ባልዲ» የሚል ወረቀት በእጄ ይዣለሁ። አንድ ፎቅ ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ቤቷ ከእኔ ቤት ጋር መንታ ነው፤ አምና ያስቀባች ጊዜ «ሁለት ባልዲ በቃኝ» ብላኛለች። ለአንድ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ሦስት መልስ ሆነ ማለት ነው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን አስቀብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ግራ መጋባት ያውቀዋል። ጎረቤት ይጠየቃል፣ ባለሙያ ይጠየቃል፣ ባለሱቁ ይጠየቃል፤ ሁሉም ቁጥር አያጣም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን የሚናገር የለም። መጨረሻው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሥራው ግማሽ ላይ ቀለም ያልቅና ሁለተኛው ግዢ ከመጀመሪያው ጋር አልመሳሰል ይላል፤ ወይ ደግሞ ግማሽ ባልዲ ተርፎ በረንዳ ላይ እስኪደርቅ ይቀመጣል።

የኔ ሦስት ቁጥሮች ግን በኋላ እንደተረዳሁት አንዳቸውም ውሸት አልነበሩም። እያንዳንዳቸው የተለያየ ጥያቄ የሚመልሱ ነበሩ።

ከሜትሩ እንጀምር

የማታው ሒሳቤ አነሳሱ ደህና ነበር። ሜትር ይዤ የየክፍሉን ርዝመትና ስፋት ለካሁ፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ ያለው ከፍታ 2.60 ሜትር ነው።

ሳሎኑ 4.20 በ3.60 ነው። አራቱም ግድግዳ ዙሪያው ሲደመር 15.60 ሜትር ይሆናል። ይህ በከፍታው ሲባዛ 40.56 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ላይ የማይቀባው ይቀነሳል። 0.90 በ2.10 የሆኑ ሁለት በሮች 3.78 ካሬ፣ 1.50 በ1.20 የሆነ አንድ መስኮት 1.80 ካሬ ይወስዳሉ። የሚቀረው 35 ካሬ ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ነው።

መኝታ ቤቱ በዚሁ መንገድ 30.63 ሆነ። ወጥ ቤቱ ከበሩ፣ ከመስኮቱና ከሴራሚኩ ሌላ 18.55 ነው። መታጠቢያ ቤቱ እስከ ላይ ሴራሚክ ስለሆነ አልገባም። ድምሩ 84 ካሬ ሜትር ግድግዳ። ኮርኒሱ ብቻውን 31 ካሬ ነው፤ የሚቀባው በሌላ ቀለም ስለሆነ ሒሳቡም ለብቻው ይያዛል።

ይህን ለማወቅ አንድ ሜትርና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሆኖም አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም «ቤቴ ስንት ካሬ ነው» ሲባል ካርታው ላይ ያለውን የወለል ስፋት ይጠራል። የእኔ ሦስት ክፍሎች የወለል ስፋት 31 ካሬ ገደማ ነው፤ ግድግዳቸው ግን 84። ወለሉን ለባለሙያ የነገረ ሰው የሚቀባውን አልነገረም።

አያቴ የመስቀል ሰሞን ቤቷን በአፈርና በእበት ስትለቀልቅ ሜትር አልያዘችም። ግን ስንት ዘንቢል አፈር እንደሚበቃት ታውቅ ነበር፤ ያንኑ ግድግዳ በየዓመቱ በገዛ እጇ ስለምትዳብሰው። ሜትር የሚያስፈልገው ግድግዳውን ለማያውቅ ሰው ነው።

ጣሳው ላይ የተጻፈው

ስህተቴ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የቀለሙ ባልዲ ላይ «አንድ ሊትር እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል» ይላል። 84 ካሬን በሁለት እጅ ቅብ አባዛሁት፣ ለ12 አካፈልኩት፤ 14 ሊትር መጣ። ባልዲው «20» ስለሚል አንድ ባልዲ በቅቶኝ ስድስት ሊትር ሊተርፈኝ ነው ብዬ ተደስቼ ተኛሁ።

ጠዋት ላይ ወረቀቴን ለቀለም ቀቢው፣ ለጋሼ፣ አሳየኋቸው። ባልዲውን የት እንዳየሁት ጠየቁኝና በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አቀረቡት። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ኪሎ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። 20 የሚለው ኪሎግራም ነበር። የውሃ ቀለም ከውሃ ይከብዳል፤ ነጩን የሚሰጠው ዱቄትና ሌላው ሙሌት ስላለበት አንድ ሊትሩ እንደ ዓይነቱ ከ1.3 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። 1.4ን ብንይዝ 20 ኪሎው 14 ሊትር ከምናምን ነው። አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ገና ሳይቀባ በወረቀቴ ላይ ጠፋ። ስለዚህ ሁለት የቀለም ዋጋ ሲነጻጸር መጀመሪያ የሚታየው ባልዲው ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ቃል ነው፦ ኪሎ ወይስ ሊትር። «ጋሎን» የሚባለውም ቢሆን በየፋብሪካው እኩል ስላልሆነ ጎኑን ማንበብ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ «እስከ» የምትለዋን ቃል መዝለሌ ነበር። «እስከ 12» ማለት ልሙጥ፣ ደረቅና ቀድሞ የተቀባ ግድግዳ ላይ፣ በተካነ እጅ፣ ሁሉ ነገር ሲሟላ ነው። አንድ ሊትር ቀለም 10 ካሬ ላይ ሲዘረጋ እርጥቡ ሽፋን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው የሚወፍረው። ውሃው ሲተን ደግሞ ከዚያ ውስጥ ግማሽ የማይሞላው ይቀራል። ግድግዳችንን የሚያስውበው ነገር ከፀጉር ዘለላ ይሳሳል ማለት ነው። እንዲህ ስስ በሆነ ነገር ላይ ትንሽ ሸካራነትና ትንሽ ቀዳዳ ሒሳቡን ያዛባዋል። በኛ ዓይነት የተለሰነ ብሎኬት ላይ ለሊትር 8 ካሬ መያዝ ከጸጸት ያድናል።

እንደገና አሰላሁ። 84 ካሬ በሁለት እጅ 168 ነው፤ ለ8 ሲካፈል 21 ሊትር። ሮለሩ ጠጥቶ የሚያስቀረው፣ የሚንጠባጠበው፣ ኋላ ለማስተካከያ የሚፈለገው አሥር በመቶ ሲጨመር 23 ሊትር፣ በኪሎ 32 ገደማ። ሁለት ባልዲ አይሞላም። የጎረቤቴ ቁጥር መጣ።

«ሁለት ነው እንግዲህ ጋሼ» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ወደ ግድግዳው ሄዱ።

መዳፍ

ቀኝ መዳፋቸውን ከሶፋው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ አሳርፈው ወደ ታች ሳቡት። ገልብጠው ሲያሳዩኝ የእንጀራ ዱቄት የነካ እጅ መስሏል። ቀጥለው ከወጥ ቤት ስፖንጅ አስመጡ፣ አርጥበው በግድግዳው ላይ ጨመቁት። ውሃው ወደ ታች ሊወርድ ጀመረና መንገድ ላይ ጠፋ፤ ግድግዳው ጠጣው። ጠቆር ያለች ክብ ብቻ ቀረች።

«አየሽ? ቀለሙን የሚጠጣው ማነው? ይሄ ነው። ታዲያ ለምን ባልዲውን ትጠይቂያለሽ?»

እዚህ ላይ ሦስቱ ቁጥሮች ተገለጡልኝ። የፊተኛው ባለቤት ግድግዳውን በርካሽ፣ ውሃ በበዛበት ቀለም አስቀብቶት ነበር። ማጣበቂያው የሳሳ ቀለም ሲያረጅ እንደ ጠመኔ ይበናል። እንዲህ ያለ ግድግዳ የመጀመሪያውን እጅ ቅብ ውሃውንም ማጣበቂያውንም ይመጠዋል፤ አንድ ሊትር 8 ካሬ መሆኑ ቀርቶ 5 ካሬ ብቻ ይሸፍናል። ያም ወጥ ሆኖ ስለማይወጣ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። 84 ለ5 ሲካፈል ወደ 17 ሊትር፣ ቀሪዎቹ ሁለት ዙሮች 21 ሊትር፤ በድምሩ 38 ሊትር። በኪሎ 53 ነው፤ ሦስት ባልዲ ሊሆን ትንሽ የቀረው። ጋሼ ሜትር ሳይዙ ደረሱበት። የእሳቸው ሒሳብ ግድግዳው እንዳለ ከተቀባ ትክክል ነበር፤ የጎረቤቴም ቁጥር ለጎረቤቴ ትክክል ነበር፣ የእሷ ግድግዳ ስቱኮው ጥሩ፣ የቆየው ቀለሙም ጠንካራ ነበረና።

መፍትሔው ግን ሦስተኛ ባልዲ አይደለም። የሚበነውን ፍቆ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ፕራይመር መቀባት ነው። ፕራይመር ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ለላይኛው ቀለም መያዣ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም ከላይኛው ቀለም በሊትር ይረክሳል። በ84 ካሬ ላይ አንድ እጅ፣ በ8 ሲካፈል 10 ሊትር ተኩል ነው። እንግዲህ 11 ሊትር ፕራይመርና 23 ሊትር ቀለም፣ ድምሩ 34 ሊትር። ከ38ቱ ብዙም አልራቀም። ልዩነቱ እርካሹ የሚጠጣው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ውዱ ላዩ ላይ መቅረቱ ነው። ያለ ፕራይመር የተቀባ የሚበን ግድግዳ በተቃራኒው ቀለሙን ይዞ ይላጣል።

መዳፍ የማያሳየው ሌላም ነገር አለ። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቀይ የነበረን ግድግዳ ወደ ክሬም መመለስ አንድ እጅ ይጨምራል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ደግሞ ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይደርቅ መቀባት የለበትም፤ ውስጡ ያለው እርጥበትና ኖራማ ባሕርይ ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ ጨው እያወጣም ያበላሸዋል። የቧንቧ እርጥበት ያለበት ግድግዳ ምንጩ ካልተደፈነ በስተቀር አሥር ባልዲ ቢደፋበት ያው ነው።

ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የተረሳው ሁሉ

የሙያው ቃላት ግማሹ ከጣሊያን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ስቱኮውም፣ የዘይት ቀለም የሚቀጥነው አኳራጁም። ስቱኮም የራሱ ግምት ይፈልጋል። ስንጥቅና ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ጥቂት ኪሎ ይበቃል። ግድግዳው ሙሉ ይሸፈን ከተባለ ግን በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ለካሬ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ መያዝ ነው፤ ለ84 ካሬ ወደ መቶ ኪሎ ይጠጋል። የእኔ ሳሎን የተቆፈረ የኤሌክትሪክ መስመርና ሁለት የመጋረጃ ቀዳዳ ብቻ ስላለው አምስት ኪሎ በቃው።

ብዙ ሰው ባጀቱ ላይ የማይጽፋቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስፓቱላ፣ ሁለት ሮለር፣ ለጠርዝና ለጥግ ብሩሽ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ለወለሉና ለሶፋው ላስቲክ፣ የመጓጓዣ ታክሲ። ተደምረው «የት ሄደ?» የሚያሰኙ ናቸው።

ብሩ

ዋጋ ብጽፍ የዛሬው ነገ አይሆንም። የቀለም ፋብሪካዎቻችን ነጩን የሚያወጡበትን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድና ብዙውን ማጣበቂያ ከውጭ ያስገባሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያረጀ ፕሮፎርማ ለማስታወሻ እንጂ ለግዢ አይሆንም። የሚያስተማምነው ዋጋውን ሳይሆን አሰላሉን መያዝ ነው።

አንድ ባልዲ 3,000 ብር፣ ሌላው 4,000 ብር ነው እንበል። ሁለቱም 14 ሊትር ከሩብ ገደማ ይዘዋል፤ በ8 ካሬ ሒሳብ አንድ እጅ ብቻ ቢቀባ 114 ካሬ ይሸፍናሉ። እርካሹ ሽፋኑ ሳስቶ ሦስት እጅ ከፈለገ አንድ ባልዲ የሚጨርሰው 38 ካሬ ነው፤ ለካሬ 79 ብር። ውዱ በሁለት እጅ ከበቃው 57 ካሬ ይጨርሳል፤ ለካሬ 70 ብር። አንድ ሺህ ብር የረከሰው ባልዲ ለካሬ ዘጠኝ ብር ተወደደ። ሦስተኛው እጅ የሚፈጀው የባለሙያ ቀን እዚህ ውስጥ ገና አልገባም።

ቀለም እንደ ወጥ ነው፤ ውሃ ሲበዛበት ይበዛል፣ ግን አይበላም። ለመጀመሪያው እጅ ባልዲው ላይ ከተጻፈው ልክ ሳይታለፍ ማቅጠን ተገቢ ነው። «በአንድ ባልዲ እጨርስልሻለሁ» የሚል ቀቢ ሲመጣ ግን የሚጨምረውን ውሃ መጠየቅ ነው።

የእጅ ዋጋ የሚቆረጠው በሦስት መንገድ ነው፦ በቀን፣ በካሬ ወይም በጥቅል። በቀን ከሆነ ሥራው ይንቀረፈፋል፣ በጥቅል ከሆነ ይሮጣል፤ በካሬ ከሆነ ደግሞ ልኬቱ ላይ ጠብ ይመጣል። ለቀለም ሲሰላ በርና መስኮት ይቀነሳል። ባለሙያው ግን ለእጁ ሲያሰላ ብዙ ጊዜ አይቀንስም፤ የመስኮት ጠርዝ በብሩሽ መጨረስ ከሜዳው ግድግዳ ይልቅ ጊዜ እንደሚበላ ያውቃልና። ሁለቱም ያስኬዳል። ጠቡ የሚነሳው ቀድሞ ካልተነገረ ነው። መፋቁ፣ ስቱኮው፣ ፕራይመሩና ወለሉን ማጽዳቱ በዋጋው ውስጥ መሆኑም እንዲሁ። ዋጋ ሲነጻጸር 15 በመቶው ቫት የተካተተ መሆኑም ይጠየቅ፤ አንዱ ሱቅ ያለ ቫት፣ ሌላው ከነቫቱ ሲናገር ርካሹ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ግዢው

መርካቶ ከጋሼ ጋር አብረን ሄድን። የመረጥኩት ክሬም በማሽን የሚበጠበጥ ነበር፤ ባለሱቁ ኮዱን ነካ ነካ አደረገና ጠብታዎቹ ወደ ነጩ ወረዱ። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። «የጎደለ እንደሆነ ተመልሰሽ ብትገዢ ያው ቀለም አይመጣልሽም። ሁሉን አንድ ላይ ግዢ፣ ቤት ሲደርስ በአንድ በርሜል እንቀላቅለዋለን።»

ለዚህ ነው አሥር በመቶው መጠባበቂያ ብክነት ያልሆነው። የተበጠበጠ ቀለም አይመለስም፤ ነጭ ግን ካልተከፈተ ከባለሱቁ ጋር ቀድሞ ከተነጋገሩ ሊመለስ ይችላል። 20 ኪሎ ባልዲና ሦስት ባለ አራት ሊትር ጋሎን ገዛን፤ 26 ሊትር ከምናምን። ለኮርኒሱ ነጭ ሁለት ጋሎን፣ ፕራይመር ሦስት ጋሎን።

ለበሮቹ የዘይት ቀለም ስንመርጥ ጋሼ ጣሳውን አዙረው አነበቡ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ያዛል፤ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 90 ማለት ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ከዚያ በፊት የተቀቡ አሮጌ በሮችና ፍርግርጎች ላይ ግን ሊኖር ስለሚችል በደረቁ ፍቆ አቧራውን ቤት ውስጥ ማቡነን አይገባም። የእኔን በሮች በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ነው የፈቁት፤ ልጅ ያላቸው ጎረቤቶች በራቸውን ዘግተው እንዲቆዩ ነግረው።

ነሐሴ

ጋሼ ሥራው ሦስት ቀን ይፈጃል ቢሉም አምስት ቀን ወሰደ። ጥፋቱ የክረምቱ ነው። በበጋ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው በጥቂት ሰዓት የሚታለፈው በነሐሴ እርጥብ አየር ሌሊቱን ማደር ነበረበት። እርጥብ ላይ እርጥብ ከተቀባ የታችኛው ይነሳል። ከተማው ሁሉ ግን ቤቱን የሚያስቀባው ለእንቁጣጣሽ ነው፤ ባለሙያ የሚወደደውም ግድግዳ የሚያስቸግረውም በዚሁ ወር። ቀለም የሚወደው ጥቅምትን ነበር።

በመጨረሻው ቀን በርሜሉን ስናይ ሦስት ሊትር ገደማ ቀርቷል። በአንድ ጋሎን ገልብጠን ከደንነው። ክዳኑ ላይ የቀለሙን ኮድ፣ ቀኑንና «ሳሎን፣ መኝታ፣ ወጥ ቤት፣ 84 ካሬ፣ 23 ሊትር» ብዬ በማርከር ጻፍኩበት። የሚቀጥለው ቅብ ከዚህ ይጀምራል።

በጳጉሜ መጨረሻ ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ገብታ ዙሪያውን አየችና «ስንት ባልዲ ፈጀብሽ?» አለችኝ። ቁጥሩ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። «ነይ፣ ቤትሽን አሳይኝ» ብዬ ተከትያት ወረድኩ። ሳሎኗ ገብቼ ከሶፋው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ መዳፌን አሳርፌ ወደ ታች ሳብኩትና ገልብጬ አየሁት። ንጹሕ ነበር። «አንቺስ ስቱኮሽ ደግ ነው» አልኳት፤ «ሜትር አለሽ?»